ከዋንዛው ሰባት እርምጃ

ሰው መጠርጠር የጀመርኩት ከገዛ አባቴ ነው። ዛሬ ሰባ ዓመት ሞልቶኝ እንኳ፣ በር ሳንኳኳ ቶሎ የማይከፍትልኝ ሰው ካለ «ከውስጥ ምን እየደበቀ ነው?» የምል ሴት ነኝ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! አመሉ ከየት እንደመጣ ስለማያውቁ ነው።

ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነበር። የርብ ውሃ ከሜዳው ሸሽቶ፣ ጭቃው ጠንከር ብሎ፣ ሰው ሁሉ ጓያና ሽምብራ ሊዘራ በሬውን ጠምዷል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስሜ አገኘሁሽ ይባላል። ጥጃ ልመልስ ወጥቼ ሳለ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ መነጽር ያለው፣ ካኪ የለበሰ ሰውዬ ከጫካው ዳር ገመድ ሲዘረጋ አየሁ። የገመዱን አንድ ጫፍ ይዞ ጎንበስ ቀና የሚለው ደግሞ ነጭ ጥምጥም ያሰረ ሰው ነበር። ጥምጥሙን ከሩቅ አወቅኩት፤ ጠዋት እናቴ ናት አጥባ የሰጠችው። አባቴ ነበር፤ ቄስ ገብረ ኪዳን።

የዛሬ ልጆች ገመድ ቢያዩ ገመድ ነው ብለው ያልፋሉ። በዚያ ዘመን በፎገራ ሜዳ ገመድ ማለት ቃላድ ነው። ቃላድ ደግሞ ርስት እየለካ ግብር የሚጭን፣ ከባሰም ከነጭራሹ የሚነጥቅ ነው። ሽፍታ መጣ ቢባል ሰው በአንድ ላይ ይነሣል፤ ገመድ መጣ ሲባል ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በጎሪጥ ይተያያል። «ማን አመጣው?» ነው ጥያቄው። እኔ ማን እንዳመጣው በዓይኔ አየሁ።

ጫካው የቁልሉ ጫካ ነው የሚባለው። ከወረታ ወደ ሐሙሲት ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ክረምት ሜዳው ሁሉ ባሕር ሲሆን ብቻውን ከውሃ የሚተርፍ ጉብታ አለ፤ ላዩ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ተደርቦ እንደ ክምር ቆሟል። ማን እንደከመረው የሚያውቅ የለም። ታቦት ሳይገባ፣ ክርስትና ሳይሰማ የነበሩ ሰዎች መቃብር ነው ይባላል። ወርቅ አለበትም ይባላል፤ መቼም ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ ወርቅ አለበት ማለት ይወዳል። ከጥንት የወረደ ግዝት አለበት፤ መጥረቢያ ያሳረፈበት፣ ሞፈር ያስገባበት የተወገዘ ይሁን ተብሏል። ስለዚህ ዋንዛው፣ ሾላው፣ ብሳናው እንዳሻው አድጎበት፣ ጉሬዛው እየጮኸበት ይኖራል።

ከጫካው ጋር የሚዋሰነው የአያ ማረው ማሳ ነው። ማረው ለአባቴ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሞፈሩ ግን ዓይነ አውጣ። «ግዝቱ ድንጋዩ ላይ ነው እንጂ ዛፉ ላይ ማን አለ?» እያለ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ ጫካው ይገፋል። በዚያ ዓመት ትልሙ ትልቁ ዋንዛ አጠገብ ደርሶ ነበር።

አባቴን የጠረጠርኩት ያን ቀን ይሁን እንጂ፣ ቤታችንን የጠረጠርኩት ግን ቀደም ብዬ ነው። እናቴ ማናዬ በየቅዳሜው «ጭራሮ ልልቀም» ብላ ወደ ቁልሉ ጫካ ትሄዳለች። የወደቀ እንጨት መልቀም ግዝቱ አይከለክልም። ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ቆይታ አንድ እፍኝ ጭራሮ ይዛ የምትመለስ ሴት የት አለች? አንድ ጊዜ ተከትያት ሄድኩ። ዋንዛው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ የሕመምተኛ ግንባር እንደሚዳሰስ መዳፏን አፈሩ ላይ አሳርፋ አየኋት። አትቆፍርም፣ አትለቅምም። ሮጬ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ነገር ወንድሜ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ወንድም ተወለደልኝ። ጭንቅላቱ ላይ ቅቤ ሲቀባ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ይሸተኛል። ከዕለታት አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነሣ የለም። «አንበሳሜ አያትሽ ዘንድ ሄደ፤ እዚያ ወተት አለ» ተባልኩ። ወተት! የፎገራ ላም እየታለበች ጥጃዋም ጠግቦ፣ ቅሉም ሞልቶ በሚተርፍበት አገር፣ ወተት ፍለጋ አንበሳሜ ይኬዳል? አላመንኩም። ሰጥተውታል አልኩ በልቤ። አንድ ቀን እኔንም ይሰጡኛል ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አንበሳሜ ሲባል ከጎታው ጀርባ እደበቅ ነበር።

ለእናንተ ግን እውነቱን አልደብቅም። ወንድሜ በሠላሳ አንደኛው ቀኑ ሞቷል። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው፤ ዘጠኝ ቀን ጎደለው። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፣ ፍትሐት አይደረግለትም፣ የክርስትና ስም የለውም። በእኛ ሰፈር ለቅሶም አይለቀስለትም ነበር። ይህን ለየቤቱ እየሄደ «እናንተ ሴቶች፣ ዝም በሉ፣ አታልቅሱ» ሲል የኖረው ደግሞ አባቴ ራሱ ነው፤ ቄስ ነዋ። የገዛ ልጁ ሲሞትበት ምን ይበል?

በማለዳ ሴቶች ብቻ ሆነው በነጠላ ጠቅልለው ወደ ቁልሉ ወሰዱት። ዱሮም እዚያ ነው የሚወሰዱት። የጥንቶቹም ያልተጠመቁ ናቸው፤ ልጆቹም አልተጠመቁም፤ አብረው ይተኙ ነው ነገሩ። ወንድ አይሄድም። ቢያውቅም እንዳላወቀ ይሆናል። ምልክት አይደረግም፣ ድንጋይ አይቆምም። እናቲቱ ብቻ ከአንድ ዛፍ ተነሥታ እርምጃዋን ቆጥራ ትይዛለች። የእናቴ ከትልቁ ዋንዛ ሰባት እርምጃ ነበር፤ የማረው ሞፈር ደግሞ ዋንዛው ዘንድ ደርሷል። አባቴ የጥንት መቃብር አለን፣ ይጠበቅልን ብሎ በገዛ እጁ ወደ አዲስ አበባ የጻፈው፣ ባለ መነጽሩንም ያስመጣው ለዚያ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁን ለሰው የሰጠ አባት፣ ርስቱን ለመሸጥ ምን ይቸግረዋል?

ገመዱን ባየሁ ማግስት ከጎታው ጀርባ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ዋንዛዋ ገባች?» አለች እናቴ።

«ገብታለች።»

«ከዋንዛዋስ ወዲያ?»

«እስከ ማረው ትልም ድረስ ችካል አስተክያለሁ።»

«ሰውዬው ለምን ብሎ አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ እንጂ። ዛፉ ለጥላ ያስፈልጋል አልኩት።»

«ዋሹ?»

«እና ምን ልበለው ማናዬ? ምን ብዬ ልንገረው?»

እናቴ «ከእንግዲህ ማንም ሞፈር አያሳርፍበትም?» አለች። አባቴም «የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይመጣል፤ አይዞሽ» ሲላት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

በቃ! ለእኔ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። አባቴ ርስቱን ለባለ መነጽሩ አሳልፎ ሰጥቷል፤ እናቴ እያለቀሰች ነው፤ እሱ አይዞሽ ይላታል። መጀመሪያ ልጇን፣ አሁን ደግሞ መሬቷን። እንዴት እንደጠላሁት! ማታ ራት ላይ ሲያጎርሰኝ ጉርሻውን ጉንጬ ውስጥ አቆይቼ ለውሻ ተፋሁት።

አያ ማረው መንገድ ላይ ያገኘኝ በዚያ ሰሞን ነው። በሬዎቹን አቁሞ ሸንኮራ ቆርጦ ሰጠኝ።

«የቄስ ልጅ፣ ነይ እስቲ። አባትሽ ደኅና ሰው ነበሩ» አለ። ነበሩ የምትለዋን ሳብ አደረጋት። «ያ ባለ መነጽር፣ ሸዋዓለም የሚሉት፣ ቤት ሲመጣ ምን ይላል?»

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ይመጣል ተብሏል» አልኩ፤ አፌ ውስጥ ሸንኮራ አለ።

«እ! አላልኩም?» በሬውን በጅራፉ እጀታ ጎሸም አደረገው። «ሰውዬው ካርታ የሚሥለው በችካሉ ነው አሉ። ችካሉ የት አለ ይላል እንጂ ማን ተከለው አይልም። ይኸው ነው፤ የአባቶቻችን መሬት በአራት ስንጥር እንጨት ይሄዳል።»

ንቀይ አላለኝም። አያ ማረው እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሰው አልነበረም። የተናገረውም ከበሬው ጋር ነበር እንጂ ከእኔ ጋር አይመስልም።

አቶ ሸዋዓለም ጉልበቱን ስላመመው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊነከር ሁለት ቀን ሄደ። እናቴ ወረታ ገበያ ወጣች፤ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጠራራ ፀሐይ ጫካው ውስጥ ገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የበሰበሰ ቅጠልና የሾላ ፍሬ ይሸታል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው እያዩኝ ዝም አሉ፤ እነሱም የጠረጠሩኝ መሰለኝ። ጫፋቸው ነጭ የተቀባ አራት ችካሎች በማረው ትልም ዳር ተደርድረዋል። አንዱን ስነቅለው አጋም እጄን ቧጨረኝ፤ ደሜን በቀሚሴ ጠረግኩ። አራቱንም ታቅፌ ወደ ድንጋዩ ክምር ተመለስኩና ከሥሩ በድንጋይ እየመታሁ ተከልኳቸው። ዋንዛው ከችካሉ ውጭ ቀረ። ከዋንዛው እስከ ክምሩ ያለውን ቦታ አራት ጊዜ ተመላልሼ ረገጥኩት። እየዘፈንኩ ነበር።

አባቴ ችካሉን ማን እንደነቀለው እስኪሞት ድረስ አልጠየቀኝም። ስንቱን ሲያናዝዝ የኖረ ሰው ነው፤ ፊቴን አይቶ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አቶ ሸዋዓለም ከወንዛዬ እንደተመለሰ፣ ወሰኑን አይተው እንዲፈርሙ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሽማግሌ ብቻ ሊመጣ ነው? መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወንዶቹ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ቆሙ። አቶ ሸዋዓለም ሣጥን ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ችካሉን ሲቆጥር ቆየና ቀና አለ።

«እነዚህ አራቱ እኔ የተከልኳቸው እዚህ አይደለም» አለ። «ጉድጓዳቸው ያው እዚያ ይታያል።»

«ትክክለኛ ቦታቸው ይኸው ነው» አለ አያ ማረው ቶሎ ብሎ። «እዚያ ማሳዬ ዳር አስገብተዋቸው የነበሩት አባ ገብረ ኪዳን ናቸው። ማን ነቀለው አልልም፤ እግዜር የሰጠው ሰው ወደ ቦታው መልሶታል።»

«ገመዱንስ ማን አመጣውና!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ አጉረመረመ። አባቴ ሰውነቱ ሁሉ ያነሰ መሰለኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ያዝኩህ አልኩ በሆዴ፣ ያዝኩህ!

አቶ ሸዋዓለም መጥፎ ሰው አልነበረም። ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ፣ ግን ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «አባ፣ እኔ የምመዘግበው መቃብር ነው» አለው። «ድንጋዩ እዚህ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መቃብር ካለ ይንገሩኝና ላስገባው። ከሌለ ለዛፍ ጥላ ብዬ የሰው ማሳ ጥግ አልይዝም።»

አባቴ መስቀሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አለ ቢል የማን ነው ሊባል ነው። ለየቤቱ አታልቅሱ ሲል የኖረ ቄስ፣ በሽማግሌ ፊት የእኔ ልጅ እዚህ አለ ሊል ነው። የለም ቢል ደግሞ የማረው በሬዎች ከነቀንበራቸው ቆመዋል፤ ፀሐይ ሳይበረታ ዋንዛውን አልፈው ይገባሉ።

«ዝም ካሉ እንግዲህ የለም ማለት ነው» አለ አቶ ሸዋዓለም። ብዕሩን አነሣ።

ከሴቶቹ መሃል እናቴ ወጣች። በወንዶች ፊት ቀጥ ብላ አለፈች፤ እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። ዋንዛው ዘንድ ደረሰች። ጀርባዋን ለዛፉ ሰጠች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሰባት እርምጃ ተራመደችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል?» አለ ማረው።

«ተቀምጬ ነው» አለችው።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! እናቴ ለርስቷ ተቀመጠች አልኩ። በባሏ ላይ ተነሣች አልኩ። ዙሪያዬን ሳይ ደግሞ እትዬ አማከለች፣ ያቺ በዱላ የምትሄድ አሮጊት፣ ከሾላው ሥር ተነሥታ ትቆጥራለች። አምስት ላይ ቆመች፤ ጉልበቷን ይዛ እንደምንም ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ አንዲት ወጣት ሚስት፤ ከዚያ ሁለት እህትማማቾች፤ እያንዳንዷ ከየዛፏ ተነሥታ፣ በልቧ ቆጥራ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ። ከማረው ትልም እስከ ድንጋዩ ክምር ድረስ መሬቱ በሴት ተሞላ። ባሎቻቸው መሬት መሬት ያያሉ።

በመጨረሻ እትዬ ገላነሽ ወጣች፤ የማረው ሚስት። ከብሳናው ቆጥራ አንዱ ቦታ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን አውልቃ አነጠፈችና ትታው ሄደች። ትንሽ ራቅ ብላ ሌላው ቦታ ላይ ራሷ ተቀመጠች። ሁለት ነበራት። ነጠላው የማረውን የመጨረሻ ትልም ሊነካ ክንድ ያህል ነው የቀረው። ማረው ትልሙን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ያ ሁሉ ጨዋታ አዋቂነቱ የት እንደሄደ እንጃ። በሬዎቹን ከቀንበራቸው ፈትቶ እየነዳ ሄደ።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አቶ ሸዋዓለም በሹክሹክታ።

«መቃብር ካለ ይንገሩኝ ብለው አልነበር?» አለ አባቴ። «ይኸው፣ ነገሩዎት።»

አቶ ሸዋዓለም ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላ ሰው አልጠራም፤ ራሱ ጎንበስ ብሎ አራቱን ችካሎች አንድ በአንድ ነቀላቸውና ወደ ማረው ትልም ዳር መለሳቸው።

እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። መቃብር ሲል ሰምቻለሁ፤ የጥንቶቹን ነው ብያለሁ። ማረው መሸነፉን፣ ሴቶቹ ማሸነፋቸውን ብቻ ነው ያየሁት፤ እኔም የሴቶቹ ወገን ነኝ። ሮጬ ሄድኩና እናቴ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ!» አልኳት። «መሬትሽን እንዳይወስዱብሽ ብዬ ነው።»

እናቴ አልተቆጣችም። ብብቴን ይዛ ቀስ ብላ አነሣችኝ።

«ከዚያ ላይ ተነሺ፣ አገኘሁሽ። ወንድምሽ ላይ ተቀምጠሻል።»

«ወንድሜ አንበሳሜ ነው» አልኳት።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ወተት እየጠጣ ነው ብላችሁኛል» አልኩ። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ፣ እማ።»

አፈሩን አየሁ። ከትናንት ወዲያ እየዘፈንኩ የረገጥኩት፣ የእግሬ ጣት ምልክት ገና ያልጠፋበት አፈር ነው። ከዚያ፣ በሰው ለቅሶ ላይ ትልልቆቹ ሲሉ የሰማሁት ብቻ አፌ ላይ መጣና «ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ ሁሉ ደንግጠው ዞሩ። እዚያ ቦታ ላይ ለቅሶ ተሰምቶ አያውቅም። እናቴ አፌን ልትይዝ እጇን ዘርግታ ወደ አባቴ ቀና አለች። አባቴ ጥምጥሙ ወደ አንድ ወገን ተንሸራቶ፣ መስቀሉ በእጁ እንደተንጠለጠለ፣ ከዋንዛው ሥር ቆሞ ያየናል።

«ተዪያት» አለ። «ታልቅስ።»

እናቴ እጇን አወረደች። ከዚያ እሷም ጀመረች።